በዓል የሚያውቅ ሆድ

ከአርብ ገበያ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው ሚኒባስ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመ። ያስቆሙት መሪጌታ ፍሥሐ ነበሩ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ቁጥቋጦው ሲገሰግሱ ሾፌሩ ሚሊዮን፣ «የኔታ፣ በዚህ አያያዛችን በእግሩ የወጣ ይቀድመናል!» አለ። የተሳፋሪው ሳቅ እስከ ቁጥቋጦው ተከተላቸው።

መሪጌታ ሃያ ዓመት ማኅሌት የመሩ፣ ድምፃቸው በጋይንት የተመሰገነ ሰው ናቸው። ይኸው ሦስት ዓመት ግን ሆዳቸው እየታወከ አዋርዷቸዋል። በኪሳቸው የያዙት ደብዳቤ፣ ከኅዳር ሚካኤል በፊት ከመሪነቱ እንዲያሰናብታቸው ሀገረ ስብከቱን የሚለምን ነው። ሲጽፉት አልቅሰዋል። የሕመሙን ዓይነት ግን ለሚስታቸው ለካሣነሽ እንኳ አልነገሩም።

ሲመለሱ ከጎናቸው የተቀመጠች ወጣት ውኃ አቀበለቻቸው። እድላዊት ትባላለች፤ ነፋስ መውጫ የምትሠራ የጤና መኮንን ናት።

«እግዚአብሔር ይማርዎት የኔታ። ሆድዎን ነው?»

«የኮሶ ትል ነው ልጄ። በየሁለት ወሩ ኮሶ እጠጣለሁ፤ አልለቅ አለኝ።»

«በምርመራ ታይቷል?»

«ሁለት ጊዜ ሰገራ አስመርምሬ ምንም የለም አሉኝ። ተደብቆባቸው ነው እንጂ!»

«መቼ መቼ ይነሣብዎታል?»

መሪጌታ አሰብ አደረጉ። «ከቤቴ ደኅና ነኝ፤ ተማሪ ሳስተምርም ደኅና ነኝ። የሆሳዕና ዋዜማ፣ የትንሣኤ ዋዜማ፣ የሚካኤል ዋዜማ ግን ይቆርጠኛል። መኪና ላይም ‹ቢመጣብኝስ› ስል ይመጣል።»

«ከበዓሉ ማግስትስ?»

«ምን ቆርጦት!»

«እንግዲህ ሆሳዕና በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። ይህ ትል በምን አወቀው የኔታ? ባሕረ ሐሳብ አስተምረውታል?»

መሪጌታ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። «ስንቱ ተማሪ ሁለት ዓመት ተቀምጦ የበዓል ቀን ማውጣት አቅቶት ሄዷል፤ ትል ቀደመው በይኛ!»

እድላዊትም ስቃ ቀጠለች። «ከአእምሮ ወደ አንጀት የሚመላለስ ነርቭ አለ። ሰው ሲጨነቅ አንጀቱ ይሰማል፤ አንጀቱ ሲታወክም ሰውየው ይጨነቃል። ባሕር ዳር አንድ የአንጀት ስፔሻሊስት አለ፤ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ነው የሚሠራው።»

«ቆይ እስቲ! ሆዴን ብልሽ ራስዎን ትይኛለሽ? አገሩ ‹መሪጌታ አበዱ› ቢለኝስ? ጠበሉስ ምን ሊሆን ነው?»

«ጠበሉንም ይጠመቁ፤ ማን ከለከለዎ? ዕብደትም የእምነት ጉድለትም አይደለም። ጉሮሮዎ ቢቆስል ሐኪም ዘንድ አይሄዱም? አንጀትም ከነነርቩ የፈጣሪ ሥራ ነው። ኮሶው ግን ይብቃዎት፤ ትል የሌለበትን ሆድ ማሠቃየት ነው። እኔም በመኪና ላይ በሽታዎን ልወስን አልችልም፤ ሐኪሙ መርምሮ ሌላ ነገር አለመኖሩን ያጣራ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ሚካኤልን እመራለሁ?» አሉ መሪጌታ፣ በኪሳቸው ያለውን ደብዳቤ እየዳበሱ።

«አልምልልዎትም። ግን እንደ እርስዎ ታምመው የተሻላቸውን ብዙ አይቻለሁ።»

የተማረ ሁሉ የማያውቀውን እየለየ እንዲህ በትሕትና ቢናገር ስንት አዛውንት በሰማው ነበር! ደብዳቤው ሀገረ ስብከት አልደረሰም።

በሳምንቱ መሪጌታ ሕመማቸውን ለካሣነሽ ነግረው አብረው ባሕር ዳር ወረዱ። ስፔሻሊስቱ ደማቸውን መረመረ፤ ውስጣቸውን በቀጭን ካሜራ አየ። ትልም ቁስልም የለም፤ የአንጀትና የአእምሮ መግባባት ነው የተዛባው አለ። ለቁርጠቱ መድኃኒት አዘዘላቸው። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ደግሞ መቼ እንደ ጀመራቸው ጠየቀቻቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ጳጳሱ በተገኙበት ንግሥ ዜማ መሳታቸውን ያን ጊዜ ተናገሩ። ካሣነሽ፣ «ይህንን ብቻህን ተሸክመህ ኖርህ?» ብላ እጃቸውን ያዘች። ባለሙያዋ ትንፋሽን ከሆድ ስቦ ቀስ አድርጎ መልቀቅን ስታሳያቸው መሪጌታ ተደነቁ፦ «ይህንንማ ሠላሳ ዓመት ለዜማ ሳስተምረው! ለሆድም መሆኑን የነገረኝ የለም!»

የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ታቦቱ ሲወጣ፣ ሆዳቸው እንደ ልማዱ አጉረመረመ። መሪጌታ ትንፋሻቸውን ሳቡ፣ ቀስ ብለው ለቀቁ፣ ወረቡንም አነሡ። ከዳር እስከ ዳር ሳይስቱ መሩት። የካሣነሽ እልልታ ከሁሉ በላይ ተሰማ፤ መሪጌታም ደስታ ደረታቸውን ሞላው።

ከንግሡ በኋላ በደጀ ሰላሙ ማዕድ ሳያፍሩ ሁሉን ተናገሩ። «ኮሶ ጠጥቼ የምተኛው ቀን ቀረ። እህል ተስማማኝ፤ ከሰው ጋር እቀመጣለሁ፤ መንገድም አልፈራም። አልፎ አልፎ ቢነሣብኝም መያዣውን አውቄያለሁ። ሆዳችሁን የሚያማችሁ አትደብቁ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ሲያስፈልግም ስፔሻሊስት ዘንድ እንዲልኳችሁ ጠይቁ።»

በቁጣቸው የሚፈሩት አረጋዊው ቄሰ ገበዝ ጸጋዬ ብድግ ብለው ወደ መሪጌታ ሲመጡ፣ ሁሉም ተግሣጽ ጠበቀ። ቄሰ ገበዙ ግን ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አሥራ አንድ ዓመት አፍሬ ለማንም ያልነገርሁትን፣ ለዚህ ሐኪም ከየት ልጀምርለት?»

መሪጌታ ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው አስቀመጧቸው።

«መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ» አሏቸው።