መምህር፣ እንብላ

ኮሮና የገባ ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃችን ማርታ ወደ ቦንጋ፣ ወደ እኛ ቤት ተመለሰች። ትምህርቱ በስልክ ይቀጥላል ሲባል ግን እምቢ አለች። «መምህሩ መኖሬን እንኳ አያውቅም። ይሄ ትምህርት አይባልም፤ ልተወው» አለች። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን እንድትሞክረው ለመናት።

ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ ደህና የሚይዘው መስኮቱ ጥግ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ብቻ ነው። ማርታ ስልኩን እዚያ አቁማ ስትጠብቅ እኔና አባቷ ቆጮና ጎመን ቀርቦልን ምሳ ላይ ነበርን። መምህሩ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ገባ። ባለቤቴ ሰው ገብቶ ዝም ብሎ መብላት አይሆንለትም፤ ወደ ስልኩ ዞሮ «መምህር፣ እንብላ» አለ። ለካ ማይኩ አልተዘጋም። ማርታ ፊቷን በነጠላዬ ሸፈነች።

መምህሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ብሉ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የማን አባት ነዎት?» አለ።

«የማርታ።»

«ማርታ፣ አለሽ እንዴ? ጠፋሽ ብዬ እኮ አስቤ ነበር። በይ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንቺ ትመልሻለሽ።»

ተማሪዎቹ ከየቤታቸው «እኛንስ ጋሼ?» እያሉ ይስቃሉ። ባለቤቴም «ኑ፣ ሞልቷል» ይላቸዋል። ማርታ እየሳቀች ጥያቄውን መለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ከትምህርቱ ቀርታ አታውቅም።

አሁን እሷ ራሷ ዋጫ ከተማ ታስተምራለች። ብቻዬን ስሆን ምግብ አልወርድልሽ እንደሚለኝ ስለምታውቅ በምሳ ሰዓት ትደውላለች። ሃሎ አትልም። «እማዬ፣ እንብላ» ትለኛለች፤ እኔም ሳህኔን ሳብ አድርጌ እበላለሁ።