ሁለት ሰው የቀረው ጉባኤ

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... እታገኝ ነኝ፣ ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ፣ የኤልቤቴል አባት! ውይ፣ ድምፅህን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ሁልጊዜ በወንድምህ በኩል ሰላምታ ብቻ። በማን ስልክ ነው የምትደውለው?

— የጓደኛ?... ከደቡብ አፍሪካ በዜሮ ዘጠኝ ይደወላል እንዴ?... እሺ አልኩ፣ እኔ ምን አውቄ... ኤልቤቴል፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው፣ አባትሽ ነው!

— ደህና ነን... ቤት? እኔና ልጅህ ብቻ ነን... እንግዳ የለም። ጎረቤትም የለም... በሩ ላይ ማንም አልቆመም! ምን ሆነሃል ዛሬ?

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... እንዴት ነው ታዲያ የአፍሪካ ፓርላማ?... ስብሰባ ላይ? ስብሰባ ላይ ሆነህ ትደውላለህ?... ለሻይ ወጥታችሁ። እሺ ይሁን። ለእሑዱ የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ግን እንዳትቀር። ሽማግሌዎቹ "የአፍሪካው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?" እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል... እንዴት "አይመቸኝም"? በመስከረም እመጣለሁ ብለህ መልእክት የላክህልኝ አንተ አይደለህም?

— ቆይ... ቆይ እስቲ፣ ዝም በል። ያ የሚጮኸው ማነው?... ከኋላህ ነዋ! "ይርጋጨፌ! ይርጋጨፌ!" ይላል... ስለ ቡናችን ነው የሚከራከሩት? የአፍሪካ ፓርላማ?... እሰይ። ታዲያ "ሁለት ሰው የቀረው" የሚለውም ስለ ቡና ነው?

— አትሳቅ! የወያላ ድምፅ ይጠፋኛል?

— የት ነህ?... ኃይለኢየሱስ፣ የት ነህ ነው የምልህ!... ኤልቤቴል፣ እስቲ ጓሮ ያለውን ልብስ አስገቢልኝ። ሂጂ፣ አሁኑኑ... ልጅህ ወጥታለች። ተናገር። ሴት ናት?... አትማልብኝ! ሠላሳ ዓመት በየመድረኩ ስትምል ሰምቼሃለሁ።

— መናኸሪያ?... የእኛው መናኸሪያ? ዲላ?... ከጠዋት ጀምሮ! እስኪመሽ እየጠበቅህ፣ ሰው እንዳያይህ... ምን አጥፍተህ ነው?

— ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ አልገባኝም። በምርጫው ጊዜ "የአገር ቤቱን ወንበር ለወጣቶች ለቅቄያለሁ፣ አፍሪካ ትበቃኛለች" አላልክም?... የአገር ቤቱ ሲሄድ የአፍሪካውም አብሮ ይሄዳል?... እህ። እሱንም አልለቀቅክም፤ አስለቀቁህ እንጂ።

— እሱ ነው እንዴ? እኔ ደግሞ ስንት ነገር አሰብኩ! ወንበር ነው፣ ሰው አልሞተ። ሽማግሌዎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ። ለዚህ ሰፈር ውሃ ያስገባህ ሰውዬ እንደ ሌባ በጨለማ ትገባለህ?... አታልቅስ እንጂ፣ አንተ ሰው! ቆይ ነጠላዬን ልልበስ፣ ባጃጅ ይዤ እኔው እመጣለሁ... እዚያው ሁን፣ የትም እንዳትሄድ።

— ከደቡብ አፍሪካ መቼ ገባህ ግን? ትናንት ነው?... አዲስ አበባ? ወንድምህ ገብረኪዳን ቤት?... ከመቼ ጀምሮ?

— ከሰኔ ጀምሮ አልክ።

— አለሁ... አለሁ፣ አልዘጋሁም። እያሰብኩ ነው። እናቴን የቀበርናት በነሐሴ ነው... ገብረኪዳን ለቀብር መጣ። "ጉባኤ ላይ ነው፣ አውሮፕላን አልደረሰለትም" አለኝ። ወንድምህ! አንተን ሳሎኑ አስቀምጦ ነው የመጣው?

— አፈርኩ ነው የምትለኝ? እኔ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ ለመጣው ሰው ሁሉ "አትፍረዱበት፣ ለአፍሪካ ነው የሚሠራው" ስል ዋልኩ። ከገዛ ወንድሞቼ ተጣላሁልህ፣ እስከ ዛሬ አንነጋገርም! እናቴ እንደ ልጇ ነበር የምታይህ...

— ተወው፣ አልመጣም... አይ፣ አንተም ወደዚህ አትምጣ። የቡሌን መኪና ያዝና ወንድሞቼ ጋ ውጣ። እንደ ሰው ለቅሶ ድረስ። የት እንደነበርክም በገዛ አፍህ ንገራቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበርህ እናወራለን... ገና ስምንት ሰዓት ነው፣ መኪና እንደ ልብ ነው!

— ሰው ያየኛል?... ይይህ!