የኮሪደሩ ስፋት

ከማራኪ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ የቤት ፕላን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። አጠገባቸው ፕላኑን የሠራላቸው ወጣት አለ።

«ይኼ ኮሪደር ጠቧል።»

«ኧረ አያ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል።»

«ሳጥን ተሸክመውስ?»

«የምን ሳጥን?»

«የሬሳ ነዋ። ተከራይተን በነበርንበት ቤት ኮሪደሩ ላይ ሳጥኑ አልዞር ብሎ ልጄን በመስኮት ነው ያወጣናት።»

ወጣቱ ፕላኑ ላይ ያለውን ኮሪደር በጣቱ ይለካ ጀመር።

«ለግንባታ ፈቃድ ከመግባቱ በፊት አስፋው።»

«የእርስዎ መኝታ ቤት ሊጠብ ነው።»

«ይጥበብ። እኔን እንኳ በበሩ ያውጡኝ።»

«ወራጅ አለ» ብዬ ስነሳ የታክሲውን በር ስፋት በዓይኔ ለካሁት።