ለዝምታ የተከፈለ

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ አጠገባቸው ያለችው ወጣት የሥነ ልቦና አማካሪ መሆኗን አወቁ።

«ከዓረብ አገር የተመለሰችውን ልጄን በሰዓት ሦስት መቶ ብር የምታስከፍያት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ እማማ።»

«አንዲት ቃል ሳትተነፍስልሽ?»

«እስካሁን አልተነፈሰችም።»

«ወላሂ፣ ለዝምታ ሲከፈል አይቼ አላውቅም!»

«እኔም አትክፈይኝ ብያት ነበር። በወረቀት ጻፈችልኝ፤ ‹ከከፈልኩ ዝም ማለት እችላለሁ› ብላ።»

«ሱብሃነላህ! አንቺስ ምንም አትጠይቂያትም?»

«አብሬያት እቀመጣለሁ።»

«እኔኮ ስምንት ወር ሙሉ ‹ምን አደረጉሽ?› ስላት ነው የከረምኩት።»

«እናት አይደሉ እንዴ፣ እማማ?»

«በይ ለእኔም ዋጋሽን ንገሪኝ። አብሮ ዝም ማለትን አስተምሪኝ።»

መውረጃዬ እያየሁት ሲያልፍ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።