ክፍሉን የምታስነብበው ልጅ

ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ወጥቶ ስለ ትምህርት ሲሟገት ውሎ ይገባል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ያን ቅዳሜ ግን በራሴ ደረሰ። ሥራዬ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ ማረም ነው። ሌላው የጻፈውን ሳነብ እውላለሁ፤ ስሕተት ካየሁ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ከሥራ ስወጣም አመሌ ተከትሎኝ ይወጣል። የሱቅ ማስታወቂያ ተዛብቶ ካየሁ ገብቼ ሳልናገር ስለማላልፍ የሰፈሩ ባለሱቅ ሁሉ ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ልብስ ሰፊዋ እትዬ ብቻ ትታገሠኛለች፤ እሷም ብትሆን ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለምትሠራ፣ መልስ መስጠት ስለማይመቻት ይመስለኛል።

ሱቋ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት፣ የካውያ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የተቆለለ ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ፤ ሌላ ነገር አይገባትም። ስገባ መስታወቱ ፊት፣ በርጩማ ላይ፣ ኮታቸው ዙሪያውን በስፒል ተይዞ ጋሽ ደወል ቆመዋል።

እኚህን ሰው ላስተዋውቃችሁ። በማዶው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነው ነው ያረጁት። ደወሉን ለሌላ ሰው አላምንም ብለው ራሳቸው ይደውሉ ስለነበር ይህ ስም ወጣላቸው፤ እሳቸውም አልጠሉትም። አሁን ጡረታ ወጥተው የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ምሥረታ ሲከበር ሊሸለሙ ነው። ቀኑ ገና ወራት ይቀሩታል፤ እሳቸው ግን ኮታቸውን ከወዲሁ ያስጠብባሉ።

ከአጠገባቸው የእትዬ ልጅ ተቀምጣ የተሰፋ ጠርዝ ትተረትራለች። ይቺ ልጅ ከዚያው ትምህርት ቤት ወጥታ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪ ሆናለች። በድሃ አገሮች ትምህርት ለማን እንደሚደርስ፣ ለማን እንደማይደርስ፣ የደረሰውስ ልጅ በእርግጥ ተምሮ እንደሆነ ታጠናለች። ሰሞኑን ደግሞ ማዶ እየተሻገረች የአራተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ ስታስነብብ ከርማለች።

«እንኳን መጣህ፣ ዳኛ ፈልጌ ነበር» አሉኝ ጋሽ ደወል በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ። «ይቺ እኔ ያስተማርኳት ልጅ፣ ልጆችዎ ማንበብ አይችሉም ልትለኝ መጣች።»

«እንደሱ አላልኩም ጋሼ» አለች ተመራማሪዋ ከጨርቁ ቀና ሳትል። «ብዙዎቹ ለብቻቸው ሲሆኑ፣ ያላዩትን ገጽ ማንበብ አቃታቸው ነው ያልኩት።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም ጋሼ።»

ሱሪዬን አስለክቼ ብወጣ ይሻለኝ ነበር። ግን ክርክር ጥሎ የሚሄድ እግር አልሰጠኝም፤ ከጨርቁ ክምር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንተ ምስክር ነህ» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት የአራተኛ ክፍልን የኅብረት ንባብ ትሰማለህ አይደል? እዚህ ድረስ ይሰማል። አንድ ቃል ይዛነፋሉ?»

«አይዛነፉም» አልኩ። እውነት ነው። በዚያ ንባብ ሰፈሩ ሁሉ ይኮራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አራተኛ ክፍል ይገባል፤ አንዷ ልጅ የመጀመሪያውን ቃል ታነሣለች፣ ክፍሉ በሙሉ ይቀበላል፣ እንግዳውም አጨብጭቦ ይወጣል።

«እኔንም ያስደነገጠኝ እሱ ነው» አለች ተመራማሪዋ። «ማንበብ የሚማር ልጅ ይደናቀፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ክፍሉ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ካልተደናቀፈ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ሁሉ ልጅ አብሮ ሲጮህ የትኛው እንደሚያነብ፣ የትኛው ጎረቤቱን እየሰማ እንደሚከተል አስተማሪዋ በምን ታውቃለች?»

«የማይችል ካለ በፈተና ይለያል።»

«ፈተናው ከዚያው መጽሐፍ ነው የሚወጣው፤ በቃላቸው ይዘውታል። ደግሞ የሚቸገሩት እነማን እንደሆኑ ልንገርዎት? ከኋላ ዴስክ ያሉት። ጠዋት ገበያ ዕቃ አውርደው የሚመጡት፣ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገረው፣ ሰሌዳው የማይታያቸው። አስተማሪዋ ክፉ ሆና አይደለም። እጅ ያወጣውን ትጠይቃለች፤ እጅ የሚያወጣው ደግሞ ሁልጊዜ ከፊት ያለው ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ከፊት ያለውና ከኋላ ያለው ልጅ የሚያገኙት ትምህርት አንድ አይደለም።»

ጋሽ ደወል ዞር ሲሉ ስፒሉ ወጋቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው ተኮሳተረ። ንዴታቸው ግን ከስፒሉ አልነበረም።

«ስሚኝ» አሉ። «ይህ ሰፈር ሴት ልጁን ትምህርት ቤት አልልክም ያለበትን ጊዜ አንቺ አታውቂውም። ቤት ለቤት ዞሬ፣ በር ላይ ቆሜ፣ ተሰድቤ ነው ያስገባኋቸው። የእናትሽን በር ስንት ጊዜ እንዳንኳኳሁ ጠይቂያት። አሁን መጥተሽ ልጆቹ ባዶ ናቸው ትይኛለሽ።»

እትዬ ስፒሎቿን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች። እውነት ነው ማለቷ ነው። ልብስ ሰፊ እንደመሆኗ ስለ ልክና ስለ መጠን አንድ ጥሩ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እሷ ግን የኮቱን ጎን ይዛ «አይነቃነቁ» ብቻ አለች።

ተመራማሪዋ መተርተሪያዋን አስቀምጣ ተነሣች።

«ጋሼ፣ እኔ በየስብሰባው ስሄድ ትልልቅ ሰዎች 'በእነዚህ አገሮች ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ገብተዋል' ሲሉ እሰማለሁ። ዝም ብሎ እንደ ዝናብ የመጣ ነገር ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያኔ የማየው እርስዎን ነው፤ እናቴ በር ላይ ባርኔጣዎን ይዘው ቆመው። በእርስዎ እኮራለሁ። የምለው ግን፣ ልጆቹን በር አስገብተዋቸዋል፤ ገብተው ሳይማሩ የሚወጡ ካሉ የደከሙበት ነገር ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ቀሪውን እንድንሠራው ይፍቀዱልን።»

ሽማግሌው ትንሽ ለስለስ አሉ። «ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ሕንፃ አይደለም፣ ኮምፒውተርም አይደለም። ጠዋት የመጀመሪያዋን ሰዓት ብቻ። በዚያች ሰዓት ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን ማንበብ በደረሱበት ይቀመጡ። ፊደል የሚያስቸግራቸው ለብቻ፣ ቃል የሚያነቡት ለብቻ፣ ታሪክ የሚያነቡት ለብቻ። እያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ ለአስተማሪው ድምፁን አውጥቶ ያንብብ። የቻለ በዚያው ዕለት ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በሌሎች አገሮች ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው።»

«አራተኛ ክፍል ያለን ልጅ ከሁለተኛ ክፍል ሕፃን ጋር አስቀምጠሽ ልታሳፍሪው?»

እዚህ ላይ እኔም ከሽማግሌው ወገን ሆንኩ። «ነገሩ ጥሩ ነው፣ ግን የሰው ፊት አለ። የትኛው ወላጅ ነው ልጄ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ የሚለው?» አልኳት።

«የሚቀጥለው ዓመት አምስተኛ ክፍል ይገባሉ» አለች። «እዚያ የኅብረት ንባብ የለም፤ ሳይንሱም ታሪኩም ለብቻ የሚነበብ ነው። ማንበብ ያልቻለው ያኔ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ይቀራል፣ ሰነፍ ነበር ይባላል። የቱ ይብሳል?»

«ማክሰኞ ኮሚቴው ይሰበሰባል» አሉ ጋሽ ደወል። «እኔ አይሆንም እላለሁ፤ በዚያው ይዘጋል። አንቺም ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጊ። የዚህን ትምህርት ቤት ስም በስተርጅና አላሰድብም።»

ነገሩ እዚህ ደርሶ ሳለ ሚጡ ከቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ወጥታ ገባች። ሚጡ የጋሽ ደወል የልጅ ልጅ ናት፤ አራተኛ ክፍል፣ ሁለት ጉንጉን፣ ቦርሳዋ ከራሷ የሚበልጥ። ንባቡን የምታነሣው፣ ክፍሉን የምታስነብበው ልጅ እሷ ናት። አያቷ ሲያይዋት ፊታቸው በራ።

«በቃ፣ ክርክሩን እሷ ትጨርሰው» አሉ። «ሚጡዬ፣ መጽሐፍሽን አውጪና ለእነዚህ ሰዎች አንብቢላቸው።»

ተመራማሪዋ ክንዳቸውን ያዘች። «ተዉት ጋሼ። ሰው ፊት አይሁን።»

«ምነው፣ ፈራሽ?»

«አዎ» አለች።

እሳቸው ሳቁ። ሚጡም መጽሐፏን ገልጣ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ጀመረች። ስለ አንድ የእንጨት ድልድይ ነው፤ ጎርፍ ስለወሰደው፣ የሁለቱ ዳር ሰዎች ተባብረው ስለሠሩት። የሚያቆመው ቦታ ላይ ታቆማለች፣ የሚያስገርመው ቦታ ላይ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ያ የእርማት ዓይኔ ወደ መጽሐፉ ሄደ። ልጅቷ ስለ ድልድይ ታነባለች፣ የተገለጠው ገጽ ላይ ያለው ሥዕል ግን የንብ ቀፎ ነው።

ስሕተት አይቼ ዝም ያልኩበት ቀን ቢኖር ያን ቀን ነው። ቀና ስል ተመራማሪዋ እያየችኝ ነበር። እባክህ የምትል መሰለኝ።

«ሰማችሁ?» አሉ ጋሽ ደወል ደረታቸውን ነፍተው። ከነስፒላቸው ከበርጩማው ወረዱ። «በይ ቀጣዩን ገጽ። ላውጣልሽ።» መጽሐፉን ሊገልጡላት ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። መነጽራቸውን አወጡና አደረጉ። ቀፎውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳርፈው፣ ቀስ ብለው «ይቺ ምን ትላለች?» አሏት።

ሚጡ ቃሉን ብዙ አየችው። ከዚያ ያለ ምንም ሐፍረት፣ እርዳታ እንደምትጠይቅ ሆና፣ «አባባ፣ የመጀመሪያዋን ቃል ንገረኝና እቀጥላለሁ» አለች።

እትዬ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አወጣች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የጨርቁን ጫፍ አጣጥፋለሁ። አስተማሪዋ አንድ ሁለት ጊዜ ስታነብ ከሰማች ገጹ ሙሉ ከነትንፋሹ ልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ክፍሉ ደግሞ እሷን ተከትሎ ያነባል። የምንኮራበት ንባብ መሪዋ ማንበብ የማትችል ልጅ ነበረች።

«ለምን አልነገርሽኝም የኔ ልጅ?» አሉ ጋሽ ደወል።

«አስነብቢ ነው የሚሉኝ» አለች ሚጡ። «አንብቢ ያለኝ ሰው የለም።»

ሽማግሌው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ወደ ተመራማሪዋም ዞሩ። «አውቀሽ ነበር?»

«አዎ ጋሼ። አስነብቤያት ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ስሟገትሽ አንድ ቃል ብትናገሪ ታሸንፊኝ አልነበረም?»

«እሷን አሳፍሬ ማሸነፍ አልፈለግሁም። እርስዎም እንዲህ አላስተማሩኝም።» ከዚያ ሚጡ ፊት ቁጢጥ አለች። «ይህን ሁሉ በጆሮሽ ብቻ ነው የያዝሽው? እኔ የማውቃቸው ፕሮፌሰሮች አይችሉትም። በይ፣ ፊደሉን ስትጨምሪበት ማን ያቆምሻል?»

እዚህ ላይ አጋነነ ይሉኛል ብዬ አልፈራም፤ ኮራሁ። ያቺ ሱቅ ውስጥ ባሉት ሰዎች ሁሉ ኮራሁ። ጋሽ ደወል ልጅቷን አልተቆጡም፣ ሰበብም አልፈለጉም። የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው፣ ስፒሉ እንዳለ፣ መንገዱን ሊሻገሩ ሲሉ እትዬ ሮጣ ኮቱን አስወለቀቻቸው።

ማክሰኞ ዕለት ኮሚቴው ሲሰበሰብ አንዱ አባት ተነሥቶ፣ «የኔ ልጅ ከሕፃናት ጋር አይቀመጥም» አለ። ጋሽ ደወልም ቆመው፣ «ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር የመጀመሪያዋ የምትቀመጠው የኔ የልጅ ልጅ ናት፤ ልጅህ ከእሷ ጎን ቢቀመጥ ቅር ይልሃል?» አሉት። ሰውዬው ተመልሶ ተቀመጠ። ሌላ ተቃዋሚ አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን የማዶውን መስኮት አልፎ የሚሄድ ሁሉ ያውቃል። ጠዋት እንደ ድሮው አንድ ትልቅ ድምፅ አይሰማም፤ ትንንሽ፣ የሚንተባተቡ ብዙ ድምፆች ናቸው። ሰፈሩ መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤቱ ወደቀ ብሎ አማ። ቆይቶ ግን ገበያ ዕቃ የሚያወርደው ልጅ ለእናቱ የመድኃኒት ማዘዣ አነበበላት። ከኋላ ዴስክ የነበረችው ልጅ ሰሌዳው እንደማይታያት ታወቀና መነጽር ተገዛላት። አስተማሪዋም የእያንዳንዱን ልጅ ድምፅ ለየች። አዲስ አስተማሪ አልተቀጠረም፣ ግድግዳ አልተጨመረም፤ የጠዋቷ ሰዓት ለተቸገረው ልጅ ተሰጠች፣ ያ ብቻ ነው። ትምህርት ደረሰን የምንል ሁሉ ልጆቻችንን ለየብቻ እንስማቸው።

በበዓሉ ቀን የኅብረት ንባብ አልቀረበም። ጋሽ ደወል የጠበበ ኮታቸውን ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል። ማንም ሰምቶ ሊይዘው የማይችል ገጽ አምጣ ብለውኝ ስለነበር፣ ያን ሳምንት አርሜ የጨረስኩትን የአንድ አዲስ የልጆች መጽሐፍ ገጽ ይዤ ሄድኩ፤ ከማተሚያ ቤቱ ውጪ ያየው ሰው የለም። ሚጡ ተቀብላ ቆመች። ጀመረች፣ ተደናቀፈች፣ ተመለሰች፣ ቃሉን በከንፈሯ ገጣጥማ አለፈችው። እንግዶቹ አላጨበጨቡም፤ ያዩትን አላወቁም። እኛ ግን አውቀናል።

መሐል ላይ ቆመች። ገጹን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ይቺ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፋለች።»

ተነሥቼ ሄጄ አየሁት። እውነቷን ነው። ሁለት ጊዜ አርሜው ሁለቱንም ጊዜ አልፎኛል። ጋሽ ደወል ከመቀመጫቸው ተነሥተው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሽልማታቸውን ሲቀበሉ እንኳ እንደዚያ ቀና ብለው አልቆሙም። በማግስቱ መስመሩን ሰረዝኩት። ያገኘችው ግን የአራተኛ ክፍል ልጅ መሆኗን ማተሚያ ቤት ላለው ሁሉ ተናግሬያለሁ።