ትብለጥና አርባ ሁለቱ በረንዳዎች

አባቶቼ ካህናት፣ ቡራኬያችሁ አይለየን። ከአሌክሳንድሪያ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ትራፊክ ተጨናንቃችሁ እስከዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችሁ ጎረቤቶቼ፤ ዩኒፎርማችሁን ሳታወልቁ ከሺፍት በቀጥታ የደረሳችሁ የትብለጥ የሆቴል ባልደረቦች፤ ልጇ ሩሃማ፤ ሁላችንንም እግዚአብሔር ያጽናን።

እኔ ወልደአምላክ እባላለሁ። ከትብለጥ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሥራዬ ፓርኪንግ ነው። ብዙ አልተማርኩም፤ ንግግርም አላውቅበትም። ሩሃማ ደውላ "ጋሼ፣ እርስዎ እንዲናገሩ ነው እማዬ ያለችው" ስትለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። ጽፌ ነው የመጣሁት። መነጽሬን ላድርግ።

ዛሬ አዝኛለሁ። ግን ቀሎኛል። ቀብር ላይ ቆሞ ቀለለኝ የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ታገሡኝ፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ሕንፃችንን የማታውቁ አላችሁ። አርባ ሁለት ቤት፣ አርባ ሁለት በረንዳ። አዲስ ነው ተብሎ ነው የተሸጠልን። አምስት ዓመት ሳይሞላው በረንዳዎቹ ከግድግዳው መላቀቅ ጀመሩ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከስንጥቁ የዛገ ውኃ ይወርዳል። የሠራው ኩባንያ ምን አለ? "የቀለም ስንጥቅ ነው።" የሕንፃው ቦርድስ? "ቀስ ብለን እናየዋለን።" እኛስ? እኛማ ሰው ሲመጣ መጋረጃ እንዘጋለን።

መጋረጃ ያልዘጋችው ትብለጥ ነች። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ፣ ባበጠ እግሯ አርባ ሁለት በር አንኳኳች። ፊርማ ሰበሰበች። የከተማው ስብሰባ ላይ ሦስት ደቂቃ ሲሰጧት ምን አለች? "እኔ ክፍል አጸዳለሁ። ቆሻሻ ሳየው አውቀዋለሁ። ይሄ ቆሻሻ አይደለም፤ ውስጡ ነው የበሰበሰው። ልጆች ናቸው የሚጫወቱበት።" ኢንስፔክተር የተላከልን ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ።

ኢንስፔክተሩ ማክሰኞ ይመጣል ተባለ። ትብለጥን ፈቃድ ከለከሏት፤ ሥራ ገባች። እኛ ምን አደረግን? እንግዳ ይመጣል አልን! እንግዳ ሲመጣ የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ቤቱን ያጸዳል። እኔ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ገዛሁ። የራሴን ስንጥቅ ቀባሁ። አንዱ በቀለም አልሸፈን ሲለኝ የባለቤቴን የጸዳለን ፎቶ ሰቀልኩበት። ነፍሷን ይማርና፣ ይህንን ሥራ ሰጠኋት። ከዚያ ቀለሙ ተረፈኝ። ብሩሼን ይዤ "ለእንግዳማ እንዲህ አይታይም" እያልኩ በየቤቱ ዞርኩ። አሥራ አንድ ቤት ቀባሁ። ጎረቤታችን ምናሴ ደግሞ የተሰነጠቀው በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፈ። ሳቅህን ተው ምናሴ፤ አንተም አለህበት።

ሰውዬው ገባ፣ ወጣ። "ቤታችሁ እንዴት ያምራል!" አለን። ደስ አለን! ምናሴ በከረጢት ብርቱካን ይዞ እስከ መኪናው ተከተለው። ሰውዬው አልቀበልም ብሎ፣ የሚያሰጋ ነገር አላየሁም ብሎ ፈርሞ ሄደ።

ማታ ትብለጥ ወረቀቱን አነበበች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ እንባው የሳቅ መሆኑ ቀረ።

"ማነው የቀባው?" ብላ በየቤቱ ጠየቀች። አሥራ አንዱም ቤት "ራሴ ነኝ" አለ። ሸሸጉኝ። እኔም አልተናገርኩም።

ሌላ ኢንስፔክተር እስኪላክ አሥራ አራት ወር ፈጀ። እስቲ አስቡት። አሥራ አራት ወር፣ ልጆች በየቀኑ እዚያ በረንዳ ላይ። በየማለዳው "ጌታዬ፣ ዛሬም ማንም አይውደቅ" ብዬ ነው ከቤት የምወጣው። ከሥራ ስመለስ ቀና ብዬ አያለሁ። ማንም አልወደቀም። በማግስቱም ማንም አልወደቀም። በዚያው ዓመት ትብለጥ ታመመች። ያኔ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። በእኔ ቀለም ምክንያት ሥራው ሳያልቅ ብትሞትስ? ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "ለእሷ ንገራት" አሉኝ። ስንት ጊዜ ደረጃውን ወርጄ በሯ ላይ ቆሜ ተመለስኩ? ለምን ይሆን ሰው ከእግዚአብሔር ይልቅ ጎረቤቱን የሚያፍረው?

ሁለተኛው ፍተሻ የሚደረግበት ቀን ሲደርስ ትብለጥ ከካንሰር ሕክምናዋ፣ ከኬሞ መጥታ በር ላይ ወንበር አስቀመጠች። "መጥረጊያ የነካ ሰው ወዮለት!" አለች። ቀለሙን የመፋቁን ሥራ ለማን ሰጠች? ለእኔ። በአሥራ አንዱም ቤት፣ በራሴም ቤት በቢላዋ ፋቅሁ። የእኔ ቤት ስትደርስ ፎቶውን አየችው። "ወልዴ፣ ጸዳለ ፎቶ መነሣት የምትጠላ ሴት ነበረች። ስንጥቅ ጠብቂ ትላታለህ?" አለችኝ። አወረድኩት። ኢንስፔክተሯ ጠመንጃ መፍቻዋን ብረቱ ላይ ብትወጋው እንደ እርጥብ ዳቦ ገባ። በዚያው ቀን በረንዳዎቹ ሁሉ ታሸጉ። ኩባንያውም ተገድዶ አንድ በአንድ አፍርሶ ሠራቸው።

ባለፈው ወር የመጨረሻው፣ የትብለጥ በረንዳ አለቀ። ሩሃማ በዊልቸር ከሆስፒታል አመጣቻት። ሁላችንም ቤቷ ገብተን በረንዳው በር ላይ ተኮለኮልን። የሚረግጠው ጠፋ።

"ምን ትፈራላችሁ? ወልዴ፣ አንተ ቅደም" አለች።

ወጣሁ። ስሚንቶው ንቅንቅ አላለም። ሰው ሁሉ እየሰማ "ትብለጥ፣ ያን ጊዜ በየቤቱ የቀባሁት እኔ ነበርኩ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ማታውኑ ጥፍርህ ውስጥ ነጭ ቀለም አይቻለሁ። ፋቅ ያልኩህስ ለምን ይመስልሃል? የት የት እንደቀባህ ካንተ ሌላ ማን ያውቃል?"

ከዚያ እጇን ሰጠችኝ። "በል አውጣኝ፤ ነፋሱ ይምታኝ" አለች። አወጣኋት። ሌላው ሁሉ ተከተለን። አሥራ ሦስት ሰው ሆነን ቆምን፤ እሷ መሀል።

የቀለለኝ ለዚህ ነው ወገኖቼ። ይቅር ሳትለኝ አልሄደችም። ሥራዋን ሳታይ አልሄደችም።

ትብለጥ፣ እህቴ፣ አሁን አንቺን ላናግርሽ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ከመኪናው ሆኜ ቀና ብዬ አየሁ። አንዷ ፎጣ ታሰጣለች። አንዱ በስልክ ይጨቃጨቃል። ሁለት ልጆች አጥሩን ተደግፈው ለትምህርት ቤት አውቶቡስ እጃቸውን ያውለበልባሉ። እናታቸው ከውስጥ ሆና "ጫማ!" ብላ ጮኸች እንጂ "ኑ፣ ግቡ" አላለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጸልይ መኪናዬን አስነሣሁ። መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ ምስጋናውን ብቻ አደረስኩ።

ስለ እኛ አታስቢ። ሩሃማም ብቻዋን አይደለችም። ያበጠውን እግርሽን አሳርፊው። ደኅና ሁኚ፣ ጎረቤቴ። በሰላም ግቢ።