የጸዳው ራውተር

የክሊኒኩ ቴክኒሻን ራውተሩን በፎጣ ጠቅልለው፣ እንደታመመ ሕፃን አቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ ጥርሷን ልትታይ ከምትወጣው የእህታቸው ልጅ ጋር ግጥም አሉ። ልጅቱ በአንድ ድርጅት የኔትወርክ ባለሙያ ናት። አጎቷ ደግሞ ሙያውን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከእጃቸው እንደተማሩ በኩራት የሚናገሩ፣ አልሠራ ያለን እቃ በጥፊ የማስነሣት ልማድ ያላቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ልጥለውና አዲስ ላስገዛ ነዋ። ትናንት መብራት ሄዶ የመጠባበቂያ ባትሪውም አልቆ ነበር፤ መብራቱ ሲመጣ አልነሣ አለ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አላገኘሁም እያለ ይለፈልፋል። አርጅቷል።»

ያለ ራውተሩ የምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ ወደ ሐኪሞቹ ኮምፒውተር አይደርስም፤ ነርሶቹ ወረቀት ይዘው ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ጉልበታቸው አልቋል። ሥራ አስኪያጇም እስከ ምሳ ሰዓት ካልተስተካከለ ሥራውን ለአንድ የጥገና ኩባንያ እሰጣለሁ ብላለች። ያ ከሆነ ደግሞ አጎትየው ወደ ቤታቸው ነው። ይህን ሁሉ ለልጅቱ ዘረገፉላት፤ አንድ ነገር ግን ዋጡ። ከጥቂት ወራት በፊት የራውተሩን አቧራ ጠርገው ሲያበቁ፣ ውስጡስ ለምን ይቅር ብለው በኮምፒውተር ገብተው፣ ማንም ከፍቶት የማያውቅ ግዙፍ ፋይል አግኝተው አጥፍተው ነበር። ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ንጽሕናቸው ግን ወሰን አያውቅም።

ልጅቱ የጥርሷን ነገር ትታ ወደ አጎቷ ጠባብ ክፍል ገባች። ላፕቶፗን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝታ ስክሪኑን አነበበች።

«ጋሼ፣ ይሄ አላረጀም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያለበት፣ የሚነሣበት ፋይል ነው የሌለው። ነክተውት ነበር እንዴ?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም። ራሱ ነው።»

«ፋይል እግር አውጥቶ አይሄድም እኮ።»

«ማንም ይንካው፣ አንቺ ብቻ ጠግኚው።»

«አንድ በሽተኛ የት እንዳመመኝ አልናገርም፣ ብቻ አድነኝ ቢል እዚህ ያሉት ሐኪሞች ምን ይሉታል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉታላ» አሉ አጎትየው። ተረቱ ዞሮ በራሳቸው ላይ እንደወደቀ የገባቸው ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው።

ትልቅ ሰው ተሳስቻለሁ ካለ ክብሩ የሚወርድ ይመስለዋል፤ በታናሹ ፊት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አጎትየው ራውተሩ ተጠቅልሎበት የነበረውን ፎጣ አጥፈው አስቀመጡ።

«እሺ፣ አጥፍቼዋለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ስንት ወር ደህና ሠርቷል።»

«ሲነሣ ፋይሉን ወደ ሜሞሪው ገልብጦ ነው የሚሠራው። ትናንት መብራት ሲሄድ ሜሞሪው ባዶ ሆነ፤ ሲመለስ የሚያነበው አጣ። ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ በከንቱ እቃውን ስፈታ እውል ነበር። የፋይሉ ኮፒ አለዎት?»

«የምን ኮፒ? ኮፒ የሚይዘው እጁን የማያምን ሰው ነው።»

«ሐኪሞቹ የበሽተኛውን ነገር ካርድ ላይ የሚጽፉት ራሳቸውን ስለማያምኑ ነው? ሰው ይረሳል፣ ይሳሳታል። ሲሳሳት በሽተኛው እንዳይጎዳ ብለው ነው።»

«አንቺን ያስተማረ ሰው እኔን ለማስቸገር ነው ያስተማረሽ» ብለው አጎትየው ሳይወዱ ሳቁ።

ደግነቱ ታችኛው ፎቅ ላይ ያው ዓይነት ሌላ ራውተር ነበር። ልጅቱ ፋይሉን ከእሱ ወደ ላፕቶፗ ገለበጠች፤ ከላፕቶፗ ደግሞ ወደ ታመመው ላከችው። ዝውውሩ ቀስ ሲልባቸው አጎትየው እጃቸውን ለጥፊ አነሡ፤ ልጅቱ ያዘቻቸው። በመጨረሻ ራውተሩ ተነሣ። ራውተሩ ለክሊኒኩ የተስተካከለበት ቅንብር ለብቻው ተቀምጦ ስለነበር ምንም አልጎደለም።

ወዲያው ሥራ አስኪያጇ በሩ ላይ ቆመች። «ምን ሆኖ ነበር?»

ልጅቱ አጎቷን ልትሸፍን «መብራቱ ሲሄድ» ብላ ጀመረች። አጎትየው አቋረጧት።

«እኔ ነኝ። ላጸዳ ብዬ የሚነሣበትን ፋይል አጠፋሁት። ከዛሬ ወዲያ የሁሉም ራውተር ፋይልና ቅንብር ኮፒው ሌላ ቦታ ይቀመጣል። የማላውቀውንም ሳልጠይቅ አልነካም። እንዲህ ከሆነ መብራት ቢሄድ እንኳ ቶሎ እናስነሣዋለን፤ ነርሶቹም ያርፋሉ፤ ደህና እቃ አርጅቷል ተብሎ አይጣልም።»

ሥራ አስኪያጇ ወደ ክፍሉ ገባች።

«ኩባንያ ላመጣ ያሰብኩት ሥራውን አይችሉም ብዬ አልነበረም። እቃ በተበላሸ ቁጥር ‹ራሱ ነው› ስለሚሉኝ ነው። የሆነውን የሚነግረኝ ሰው ካገኘሁ ኩባንያው ይቅር» አለች።

ጥፋትን መናገር ሥራ ያሳጣል ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፈሩት ሰው፣ ሥራቸውን ያተረፈላቸው ያው መናገሩ ሆነ።